የእርጅና ጥናቴን የወሰደብኝ ሰው

እርጅናን ላጥና ያልኩት በአባቴና በአጎቴ ምክንያት ነው። ሁለቱ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አጎቴ ታላቅ፣ አባቴ ታናሽ። አባቴ ዳባት አጠገብ ባለች አንዲት ደብር ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ጊዜ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልገው ያርፉ ነበር። ታላቅየው አጎቴ ደግሞ ከሊማሊሞ ግርጌ ተነሥተው፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጥተው ደባርቅ ገበያ ይውላሉ። ሁለቱም ካህናት፣ ሁለቱም ጾም የማይገድፉ፣ ሁለቱም ከአንድ ማዕድ ያደጉ። ሰው "የእግዜር ሥራ ነው" ብሎ ያልፈዋል። የእግዜር ሥራ መሆኑን አልካድኩም። እንዴት እንደሚሠራው ማወቅ ፈለግሁ እንጂ።

እርጅናን የሚያጠና ሰው በእኛ አገር የት እንደሚመደብ እንኳ አይታወቅም። ገንዘብ ሰጪዎች ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ይጠይቃሉ፤ ስለ ሽማግሌ ደምና ጡንቻ የሚጠይቅ አልነበረም። የማስተርስ ርዕሴን ይዤ ስቀርብ አንድ መምህር "እርጅና እኮ በሽታ አይደለም፤ ማን ይከፍልሻል?" ብለው ሣቁ። ያልሣቀው አማካሪዬ ብቻ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር። አሁን አልለውም፤ እዚህም አልለውም።

ከዳባት እስከ ሊማሊሞ ባሉ አጥቢያዎች እየዞርኩ፣ ዓመቱን ሙሉ አጽዋማትን ሁሉ የሚጾሙ አረጋውያን ካህናትን መለካት ጀመርኩ። አረማመዳቸውን እለካለሁ፣ ሲጨብጡት የእጅን ኃይል የሚያሳይ መሣሪያ አስጨብጣቸዋለሁ፣ ደም እወስዳለሁ። ከባዱ ደሙ ነበር። የደማ ካህን በዚያ ቀን መቅደስ ገብቶ ስለማይቀድስ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ደጀ ሰላም ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ማንም ክንዱን አልሰጠኝም። አባቴ ተነሥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና "ከእኔ ጀምሪ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ተራ በተራ መጡ። በዚያን ቀን መሣሪያውን ጨብጠው ሳሉ የአባቴን እጅ ፎቶ አነሣሁ። ትንሿ ጣታቸው በልጅነታቸው ተሰብራ ተጣማ የቀረች ናት፤ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ትምህርቴን ጨርሼ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር፣ አንድ የውጭ ድርጅት በእርጅና ላይ ለሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች ፌሎሺፕ ማውጣቱን ሰማሁ። ደመወዝ አለው፣ የላብራቶሪ ዕቃ አለው፣ ውጭ አገር ካለ ነባር ተመራማሪ ጋር መሥራት አለው። እንዲህ ያለ ዕድል ለእኔ ዓይነቱ ሰው መጥቶ አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ ፕሮፖዛሉን ስጽፍ ከረምኩ፤ እንዲያይልኝም ከነፎቶው ለአማካሪዬ ላክሁለት። ሳምንታት አስቆጥሮ ደወለልኝ።

"ጥሩ ነው፤ ግን ገና ነው" አለ። "ዘንድሮ አታስገቢ። ቸኩለሽ ካስገባሽና ከጣሉት ስምሽ ይበላሻል።"

አመንኩት። እንዲያውም አመሰገንኩት።

በዓመቱ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ባለ አንድ ሎጅ ለወጣት ተመራማሪዎች ስለ ገንዘብ ድጋፍና ስለ ሥራ ዕድል ዐውደ ጥናት ተዘጋጀ። በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። የመጀመሪያው ተናጋሪ እሱ ነበር። ድርጅቱ ገንዘቡን እንደፈቀደለት ተናግሮ ፕሮጀክተሩን አበራ። ግድግዳው ላይ የአባቴ እጅ ወጣ። ጣማዋ ጣት፣ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር፣ የነጠላቸው ጥለት። ከዚያ በኋላ የመጣው እያንዳንዱ ገጽ የእኔ ነበር፤ ርዕሱ፣ ጥያቄዎቹ፣ የአጥቢያዎቹ ቅደም ተከተል፣ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳትኩት ፊደል ሳይቀር። ከተሳታፊዎቹ ስም ውስጥ ግን እኔ የለሁም።

አልጮህኩም። ለሻይ ሲወጡ ተከትዬው ወደ ገደሉ ዳር ሄድኩ።

"ዶክተር፣ ያ እጅ የአባቴ ነው።"

"አዎ፣ ፎቶውን ሁሉም ሰው ወዶታል" አለኝ፤ ስኳሩን እያማሰለ።

"ጥናቱስ?"

"ሐሳብ እኮ በአየር ላይ ያለ ነገር ነው። ባለቤቱ የሚሠራው ሰው ነው። አንቺንም አልረሳሁሽም፤ ለመስክ ሥራ ረዳት እንቀጥራለን። በዐቢይ ጾም ገንዘብ ሰጪዎቹ ራሳቸው ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ አስተርጓሚ ትሆኛለሽ። ሽማግሌዎቹ ያውቁሻል።"

ሽማግሌዎቹ ያውቁሻል ያለውን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የወሰደብኝ ሳያንስ፣ የወሰደውን እንዳስረክበው በአበል ሊቀጥረኝ ነው። እዚያው ገደሉ ዳር ቆሜ፣ ሻዩ እጄ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ምን እንደማደርግ ወሰንኩ።

"እሺ" አልኩት።

ለዩኒቨርሲቲው ማመልከት እችል ነበር። የሚያየውን ኮሚቴ የሚመራው ግን የእሱ ባልንጀራ ነው። ደግሞስ፣ እውነቱን ልናገር፣ ማመልከቻ አያረካኝም ነበር። እኔ የፈለግሁት በሰው ፊት እንዲዋረድ ነው። ፊቱ ሲለወጥ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

መጀመሪያ ለአባቴ ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ተይው ልጄ" አሉ። "ቂም ይዘሽ የምትጾሚው ጾም ጾም አይደለም።"

"እንግዲያው የዘንድሮው ይቅርብኝ፣ አባዬ።"

እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ፤ በማግስቱ ወደ አጎቴ ወረድኩ።

አጎቴ ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ማረሻ ያስተካክሉ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ሥራቸውን አላቋረጡም። ስጨርስ ብቻ ቀና አሉ።

"የእኔም ደም?"

"የእርስዎም።"

"አሁን የት ነው ያለ?"

"ዩኒቨርሲቲው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በእሱ ስም።"

ማረሻውን አገላበጡት። "መቼ ነበር የሚመጡት ያልሽኝ?" አሉ።

ሌሎቹንም ሽማግሌዎች በየቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ውሸት አልጨመርኩበትም፤ አላስፈለገኝም። ደማቸውን ለማን እንደሰጡና አሁን በማን እጅ እንዳለ ብቻ ነገርኳቸው። እምቢ በሉ አላልኩም። ግን እምቢ እንዲሉ እንደምፈልግ እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴትና አንድ ወጣት ሰው ናቸው። አማካሪዬ አዲስ ጃኬት ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ፣ መንገዱን ራሱ የጠረገ ይመስል ከፊት ከፊት ይሄዳል። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ አልቆ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ተሰብስበዋል። አጎቴም ከዋዜማው ወጥተው አባቴ ጎን ተቀምጠዋል። ለእንግዶቹ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። እሱ ስለ ጥናቱ ረጅም ንግግር አደረገ፤ እኔ ተረጎምኩ። ከዚያ መርፌ የምትወጋው ነርስ ዕቃዋን ዘረጋች፤ እሱም ወደ አጎቴ ጎንበስ ብሎ "አባ፣ እርስዎ ይጀምሩልን" አለ።

አጎቴ ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

"እንግዶች ናችሁና ብሉ፣ ጠጡ" አሉ፤ ቀስ ብለው። "ደማችንን ግን አንሰጥም።"

ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ለምን እንደሆነ ጠየቁ።

"እኛ ክንዳችንን የሰጠን ለዚች ልጅ ነው። የወንድሜ ልጅ ናት፤ ምን እንደምትፈልግ በወጉ አስረድታን ነው የሰጠናት። ይኼን ሰውዬ አናውቀውም። እሷ የለፋችበትን የእኔ ነው ማለቱን ሰምተናል።"

እሱ ወደ እኔ ዞረ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ደርቋል። "ይኼን እንዳትተረጉሚው" አለኝ በዝግታ።

ሴትዮዋ ምን እንዳለ ለመስማት ወደ እኔ አዩ። የአጎቴን ቃል ተረጎምኩ። ቀጥዬም "ዶክተሩ ደግሞ ይኼን እንዳትተረጉሚው ብለውኛል" ብዬ የእሱንም ተረጎምኩላቸው።

እሱ ከዚህ የሚያወጣው ሰው ሲፈልግ ዓይኑ አባቴ ላይ አረፈ። እኔን ያሳደጉ፣ ሰው ማዋረድ የማይወዱ ሰው መሆናቸውን ያውቃል። "የኔታ፣ እርስዎ እንኳ ያስረዱልኝ" አላቸው።

አባቴ መቋሚያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በልቤ እንዳይምሩት እለምን ነበር፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ።

"ምኑን ላስረዳ?" አሉ በመጨረሻ። "ልተወው ብዬ ነበር። ከጠየቅኸኝ ግን አልዋሽም። ፎቶ ላይ ያለው እጅ የእኔ ነው፤ ጥናቱ የልጄ ነው።"

ይኼንንም ተረጎምኩ። ዓይኔን ከአማካሪዬ ፊት ላይ አልነቀልኩም። መጀመሪያ ጆሮው ቀላ፣ ከዚያ ግንባሩ ወዛ፣ ከዚያ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ያን የመሰለ ምግብ በልቼ አላውቅም። ሴትዮዋ ጥሪው የወጣው ለወጣት ተመራማሪዎች እንደነበር ለራሳቸው የሚያጉተመትሙ ይመስል አንድ ነገር አሉና ተነሡ። ወደ መኪናው ሲሄዱ ከእሱ ጋር አልተሳፈሩም፤ ከነርሷ ጋር ሌላኛው መኪና ውስጥ ገቡ።

ማታ አባቴን ደግፌ ወደ ቤት ስንሄድ "ደስ አለሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባዬ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም።

ገንዘቡ ተቋረጠበት። ዩኒቨርሲቲው ጉዳዩን አጣራለሁ ብሎ ነበር፤ ምንም አላደረገውም። እሱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ እዚያም ማዕረግ አገኘ። እኔ ገንዘቡ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ የጠበቅሁ ሞኝ ነበርኩ። ድርጅቱ ጭቅጭቅ ያለበትን ቦታ ተወት አደረገና ጥሪውን ለሌላ አገር አወጣ። ከዚያ መንገዱ የሚዘጋበት፣ ተኩስ የሚሰማበት ጊዜ መጣ። ማቀዝቀዣው መብራት አጥቶ የሰበሰብኩት ደም ሁሉ ተበላሽቶ ተጣለ። አጎቴም አንድ ቀን ከማሳቸው ተመልሰው ተኙ፤ አልተነሡም። እኚያን ሰው ዳግመኛ ሳልለካቸው፣ ያን ሁሉ ዳገት ያወጣቸው ምን እንደነበረ ሳላውቅ ቀረሁ። ይኼንንም የምጽፈው በእሱ ዕዳ ላይ ነው።

ብዙ ቆይቶ ሴትዮዋ ጻፉልኝ። ሥራቸውን ለቀው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከምርምር ወጥተው ለቆዩ ሴቶች የሚሰጥ አነስተኛ ድጋፍ እንዳለ ነገሩኝ፣ ማመልከቻዬንም አነበቡልኝ። አገኘሁት። አሁን እዚያው ደባርቅ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ፤ በሕይወት የቀሩትን ካህናት እንደገና እለካለሁ። በየአጥቢያው ስደርስ "እሱስ መጥቷል?" ብለው ይጠይቁኛል፤ እንዳልመጣ ስነግራቸው ክንዳቸውን ያወጣሉ።

አሁን ለእርጅና ጥናት የሚሰጠው ገንዘብ ጨምሯል፤ ተማሪዎቼም ይኼን አውቀው ይመጣሉ። በቅርቡ አንዲት ጎበዝ ልጅ ቢሮዬ መጥታ ለዶክትሬት እሱ ዘንድ ልታመለክት እንዳሰበች ነገረችኝ፤ በዘርፉ ስሙ የታወቀ ነው አለች። በሩን ዘጋሁና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ልጅቱ ሌላ አማካሪ ፈለገች። ከእሷ በፊት ለጠየቁኝም ነግሬያለሁ፤ ወደፊት ለሚጠይቁኝም እነግራለሁ። ይቅር አላልኩትም፤ ይቅር ልበለው ብዬም አልተጨነቅሁም። እዚህ ስሙን አልጻፍኩም። ተማሪዎቼ ግን እስከ አያቱ ያውቁታል።