መናፈሻ በባዶ እግር
የልጅ ልጆቼ «መናፈሻ የሄድሽበትን ቀን ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ከደጋው አገሬ በመጣሁ ሰሞን ልጄ እኔንና ሚስቱን ይዞ ጎንደር መካከል ካለው ትልቅ መናፈሻ ወሰደን። መናፈሻው ጥድ በጥድ ነው፤ በእኛ አገር እንዲያ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው፤ እናም በሩን ተሳልሜ ጫማዬን አወለቅሁ።

ዘበኛው ሳቀ። «እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉ፤ ይሄ መናፈሻ እኮ ነው!»

«ምነው እማ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አለ ልጄም።

«ይሄንስ ዛፍ ያበቀለው ያው እግዜር አይደለም?» አልሁና ጫማዬን አንጠልጥዬ፣ ቀና ብዬ፣ ዞር ሳልል ፊት ፊት ሄድሁ። ጥላው ሸጋ ነበር። ልጄን ግን ያሳፈርሁት መስሎኝ ነበር።

እሱም ጫማውን አውልቆ ከኋላዬ ይከተለኝ እንደነበር ሚስቱ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው።