አንድ ማልያ ለሁለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እንቁላል ፍርፍሬ ፊት ለፊቴ እየቀዘቀዘ ስልኬን አንስቼ ድሮ አብራኝ ትጫወት የነበረችው ሰሚራ ጋ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ የማሠለጥናቸው ልጆች ጨዋታ ነበራቸው። የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ቅርጫት ኳስ ነው የሚጫወቱት። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ቤዛ የምትባል አምበል አለችኝ፤ ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ ዝናብ ፀሐይ ሳትል የመጣች ልጅ። ዘንድሮ ደግሞ ሶሊያና የምትባል ቀጭን ልጅ መጣችና ስትዘል ወደ መሬት የምትመለስ አልመስል አለች። ሁለቱም የሚጫወቱት እዚያው ቀለበቱ ሥር ነው። ቦታው ግን ከአንድ ሰው በላይ አይፈልግም።

«ማንን ላስገባ?» አልኳት ሰሚራን።

ሱቋን እየከፈተች ነበር፤ የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ይሰማኛል። ሳቋን ለቀቀችው።

«ስንት ማልያ አላችሁ?»

«ለሁሉም የሚበቃ አለን። ትርፍም አለን።»

«እሱማ ነው ችግሩ» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ብቻዬን ሳቅሁ። እንቁላሉ በረደ፤ እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ወደዚያ ክረምት ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አሁን ሳስበው ሃያ አራት ዓመት ልጅነት ነው። በነፋስ ስልክ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ግን አሮጊት ነበርኩ። ዘጠኝ ተጫዋቾች ነበርን። ሜዳችን አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለች አስፋልት ናት፤ ክረምት ሲገባ ከመሃሏ ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃ ይቋጥራል። ኳስ እዚያ ውሃ ውስጥ ስታርፍ መንጠሯን ትታ ትተኛለች። እኛ ነባሮቹ ያቺን ኩሬ እናውቃታለንና ተጋጣሚዎቻችንን ቀስ እያልን እየገፋን ወደ እሷ እንወስዳቸው ነበር። ልምድ የምንለው እንግዲህ ይህንን ነው።

አሠልጣኛችን ጋሽ ታዬ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ስፌት ቤት ሲሠሩ ይውሉና አመሻሽ ላይ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ይመጣሉ። ቅርጫት ኳስ የት እንደተማሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው ማስቀየም እንደማይችሉ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለአሠልጣኝ ደግሞ ከዚህ የከፋ በሽታ የለም። ማልያዎቻችንን የሰፉልን ራሳቸው ናቸው። ሰማያዊ ሆነው ቁጥራቸው ከነጭ ጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋባቸው ነበሩ። ለዘጠኛችን ዘጠኝ ማልያ። የእኔ አሥራ አንድ ቁጥር ነበር።

ሰሚራ በሐምሌ መጣች። ቤተሰቦቿ ከዋናው መንገድ ዳር የሸቀጥ ሱቅ ነበራቸው። ወንድሟ አምጥቷት አጥሩ ሥር ጥላ ዘርግቶ ቆሎ እየቆረጠመ ጠበቃት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ አስራለች፣ ረጅም እጅጌ ያለው ካናቴራና ሱሪ ለብሳለች። እንደ ልማዴ እግሬን ተክዬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ከቀለበቱ ነጥራ የምትመለሰውን ኳስ ስጠብቅ ይቺ ልጅ ከኋላዬ ተነሥታ በራሴ ላይ ወሰደቻት። ቀና ስል ያየሁት ክንዷን ብቻ ነው።

«ይቅርታ እትዬ» አለችኝ ስትወርድ።

እትዬ! ኳሷን መውሰዷስ ይሁን፤ ይሄ ግን ሌሊቱን ሁሉ ሲያገላብጠኝ አደረ።

በነሐሴ የሰፈሮች የክረምት ውድድር ነበር። ያሸነፈው ቡድን በክፍለ ከተማው ውድድር ላይ ይቀርባል። ልጆቹ በየጥጉ መንሾካሾክ ጀመሩ። እኔ ሳልፍ ወሬ ይቆማል። አንዳንዷ ደግሞ አለመጠን ደግ ሆነችብኝ፤ ሰው ሊያዝንልህ ሲዘጋጅ እንዴት እንደሚያስታውቅበት! ቤት ውስጥ የልጆች ሁሉ ታላቅ ነበርኩ። የምገዛው ልብስ ለታናሾቼ ይተላለፋል፣ አልጋዬን ከእህቴ ጋር እጋራለሁ፣ ከሥራ ስመለስ የሚጠብቀኝ የሰው ጉዳይ ነው። የእኔ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር ያ አሥራ አንድ ቁጥርና ቀለበቱ ሥር ያለችው ቦታ ነበረች። እሷን ካጣሁ ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ታዬ ውሳኔያቸውን የነገሩን ዝናብ አባርሮን ከመማሪያ ክፍሎቹ በረንዳ ላይ ተጠልለን የተጠበሰ በቆሎ ስንግጥ ነው። ዓይናቸውን ከበቆሏቸው ላይ አላነሡም።

«እንግዲህ አሥር ሆናችኋል፤ ማልያው ግን ዘጠኝ ነው። ያ ጨርቅ አልቋል። ስለዚህ አስቱና ሰሚራ አሥራ አንድ ቁጥርን ይካፈላሉ። አንዷ ስትወጣ አውልቃ ለሌላዋ ትሰጣለች።»

«ዳኛውስ?» አለች እመቤት። እመቤት ከሁላችን አጭር፣ ከሁላችን ዝምተኛ፣ ሁሌ ጫማዋን ስታስር የምትገኝ ልጅ ነበረች። ስለ እሷ ማንም ተጨንቆ አያውቅም።

«አነጋግሬዋለሁ። ‹እኔ የማውቀው ቁጥር ነው፤ ማንም ትልበሰው፣ የምትሠራው ፋውል የአሥራ አንድ ቁጥር ነው› ብሎኛል።»

ይህ ነገር ያን ዕለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም አልገባንም። እኔ በልብሴ መካፈል ተናድጄ ሌላው አልተሰማኝም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ጉዱ ታየ። ሰሚራ ረጅም እጅጌዋ ከሥር ስላለ ማልያውን በአንድ ትንፋሽ ታወልቃለች። እኔ ግን ከሥር የረባ ነገር አልለበስኩም። ስለዚህ የጋሽ ታዬ ባለቤት እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ይጋርዱኛል፣ እኔ ከነጠላው ጀርባ ከላብ የተጣበቀ ማልያ ጋር ስታገል ጨዋታው ቆሞ ይጠብቃል። አጥሩ ላይ የተንጠላጠሉ ወንዶች ልጆች ሥራ አገኙ።

«ሙሽራዋ ወጣች! እልል በሉ!»

ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

በሁለተኛው ጨዋታ ሰሚራ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። የወንድሟ ረጅም እጅጌ ካናቴራ ነው፤ ታጥቦ ተተኩሷል።

«ይሄን ከሥር ልበሺ እትዬ። በየሳምንቱ አንድርሽም እኮ።»

«እትዬ አትበዪኝ።»

«እሺ እትዬ።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ካናቴራውን ለበስኩት፤ የሱቃቸው ሳሙናና የበርበሬ ሽታ ነበረው።

ከዚያ ወዲያ የዳኛው ነገር ገባን። በቅርጫት ኳስ አምስት ፋውል የሠራ ከጨዋታ ይወጣል። ሰሚራ ደግሞ እጇ አያርፍም፤ ያየችውን ኳስ ሁሉ ካልመታሁ ትላለች። እሷ ሜዳ ላይ በመታች ቁጥር ወንበር ላይ በተቀመጥኩት በእኔም ይቆጠራል። የእሷ ፋውል የእኔ ፋውል ሆነ። መጀመሪያ በንዴት መጮህ ጀመርኩ፤ «እጅሽን አውርጂ! አትንኪያት፣ ዝም ብለሽ ቁሚባት!» እያልኩ። ስጮህላት እጇን ታወርዳለች። ስታወርድ ይሳካላታል። እኔ ስገባ ደግሞ እሷ ከወንበሩ ትነሣና «እትዬ ሩጪ! ኳሷ አትጠብቅሽም!» ትላለች። ለዓመታት ማንም ሩጪ ብሎኝ አያውቅም፤ ሰው ነባር ሲሆን ይከበራል፣ አይነገረውም። እንደ ሞኝ እሮጥ ነበር።

ከጨዋታ በኋላ ጭቃውን እየዘለልን አብረን እንመለሳለን። መንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ሰሚራ ሚጥሚጣው እንዲበዛላት ትለምንና ከዚያ ዓይኗ እያነባ ታማርራለች። ያን ማልያ በፈረቃ ነበር የምናጥበው። በእኔ ተራ ገመድ ላይ ሰቅዬው ሳየው የማን እንደሆነ ግራ እየገባኝ መጣ። ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ ቦታዬን አሁንም እፈልጋት ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ከብስራተ ገብርኤል ልጆች ጋር ነበር። ነሐሴ እያለቀ ነው፤ ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት ፀሐይ ወጣና አስፋልቱ እንፋሎት ያወጣ ጀመር። ኩሬዋ ግን እንዳለች ነበረች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ ተመርተናል፤ አሥራ አንድ ቁጥር አራት ፋውል አለበት። አንድ ብቻ ነው የቀረን፣ ለሁለታችን። ጋሽ ታዬ ጨዋታውን አስቆሙ። ማልያው ሰሚራ ላይ ነበር።

ሁላችንም ከበብናቸው። እሳቸው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው እጃቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሰሚራን ያያሉ።

ሰሚራ ማልያውን አውልቃ ሰጠችኝ። «አንቺ ግቢ። እኔ መታሁ አልመታሁ ነው።»

ስፈልገው የነበረው ማልያ እጄ ላይ ነው። መለስኩላት። «የጎደለን ነጥብ ነው። የምትዘይው አንቺ ነሽ።»

«እንቢ!»

«ልበሺው አልኩ!»

«አሥራ አንድ ቁጥር አለች ወይስ የለችም?» ብሎ ዳኛው ጮኸ።

ጋሽ ታዬ ማልያውን ከመካከላችን ነጥቀው በእኔ ራስ ላይ አጠለቁት። «አስቱ ግቢ» አሉ። «አንቺ መቼ እንደማይዘለል ታውቂያለሽ።»

ከእሳቸው አፍ ሰምቼ የማላውቀው ምስጋና ነበር። እየተንሳፈፍኩ ገባሁ። ወዲያው የብስራተ ገብርኤል ልጅ ወረወረች፣ ሳተች፣ ኳሷ ከቀለበቱ ነጥራ ወደ እኔና ወደ አንዲት ረጅም ልጃቸው መጣች። እግሬን ተክዬ መቆም ብቻ ነበረብኝ። በሕይወቴ ሙሉ ያደረግሁት እሱን ነው። ምን እንደነካኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወሩን ሙሉ ሰሚራን ሳይ ከርሜ ይሆናል፣ ዘለልኩ። እንደ እሷ የዘለልኩ መስሎኝ ነበር። ያረፍኩት ግን የልጅቷ ጀርባ ላይ ነው፤ ተያይዘን ወደቅን።

ፉጨት። «አሥራ አንድ ቁጥር፣ አምስተኛ! ውጪ!»

እያነከስኩ ወደ ወንበሩ መጣሁ። ሰሚራ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳት ብዬ ልሞት ደረስኩ። ሻርፑን ገለጥ ስታደርገው በሳቅ እንባ ታጥባለች።

«እትዬ ዘለለች!» አለች። «ወላሂ ዘለለች!»

እኔም ፈነዳሁ። ጋሽ ታዬ ግን ፊታቸው በራ። ክረምቱን ሙሉ ያስጨነቃቸው ጥያቄ በአንድ ፉጨት አለቀላቸው፤ የሚመርጡት አልቀረም። ወደ ወንበሩ ዞር ሲሉ እመቤት ጫማዋን አስራ ጨርሳ ነበር።

ልጅቷ የተሰጣትን ሁለት ነጻ ውርወራ ሳተች። ኳሷን ግን እነሱው መልሰው ያዙና ሰዓቱን ለመጨረስ እያነጠሩ መሮጥ ጀመሩ። እመቤት አልነጠቀችም፣ አልዘለለችም። እጇን ዘርግታ ብቻ በአንድ በኩል እየዘጋች፣ እየዘጋች፣ ኳስ የያዘችውን ልጅ ወደ ኩሬዋ ወሰደቻት። ጧ! ኳሷ ውሃው ላይ ተኛች። ልጅቷ ኳሷ እስክትነጥር ስትጠብቅ እመቤት ጎንበስ ብላ አነሣቻትና ብቻዋን ሮጣ አስገባች። በአንድ ነጥብ አሸነፍን። እኔና ሰሚራ ተቃቅፈን የጮህነውን ጩኸት በዚያ ሰፈር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ታዬ አሥረኛ ማልያ ይዘው መጡ። ያው ሰማያዊ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር።

«ጨርቁ ከየት ተገኘ?» አልኳቸው።

«ነበረኝ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «አሥር ማልያ ካለ ማን እንደምትጀምር መናገሬ ነው። ማልያ ከሌለ ግን ጥፋቱ የጨርቁ ነው ብዬ ነዋ።»

«አሁንስ?»

ቀና አሉ። «አሁን ልናገር። ሰሚራ ትጀምራለች። አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። እኔ ስጮህ የሚሰማኝ የለም፤ አንቺ ስትጮኺ ግን ልጅቷ እጇን ታወርዳለች።»

አሥራ አንድ ቁጥር ለብቻዬ ተመለሰልኝ፣ ቦታዬ ግን ሄደች። ከፋኝ፤ አለቀስኩም። ሳምንቱን ሙሉ ስፌት ቤታቸው ፊት ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞርኩ። በመጨረሻ ሰሚራ ቤታችን ድረስ መጥታ «እትዬ፣ የሚጮህብኝ አጣሁ» ስትለኝ ጫማዬን አደረግሁ። በክፍለ ከተማው ውድድር ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈን ተመለስን፤ እኔ ግን ከጋሽ ታዬ አጠገብ ባለው በዚያ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጥኩ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤዛን ሌሎቹ ሳይመጡ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ብዙ ነገር ማመካኘት እችል ነበር፤ ጉልበትሽን አሳርፊው፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ አስቤሽ ነው፣ ወዘተ። የጋሽ ታዬ ጨርቅ ትዝ አለኝና ተውኩት።

«ዛሬ ሶሊያና ትጀምራለች» አልኳት።

ዓይኗ ሞላ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። እሷ አሁን ካንቺ በላይ ትዘላለች። አንቺ የምታውቂውን ግን ገና አታውቅም። አጠገቤ ተቀመጪ።»

አጠገቤ አልተቀመጠችም። ከወንበሩ ጫፍ ሄዳ ፎጣ ራሷ ላይ ጣለች። ተውኳት፤ የአንድ ሳምንት ንዴት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ሶሊያና የመጀመሪያውን ፋውል ስትሠራ ፎጣው አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ስትሠራ ከራሷ ላይ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ቤዛ ወደ እኔ አንድ ወንበር ቀርባ ነበር፣ ከዚያ ሌላ አንድ። ሶሊያና ሦስተኛውን ልትሠራ እጇን ስታነሣ ከጎኔ አንድ ሰው ብድግ አለ።

«ሶሊ! እጅሽን አውርጂ! ዝም ብለሽ ቁሚባት!»

ሶሊያና ሰማች፤ እጇን አወረደች። እኔም ያንኑ ልጮህ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁና፣ ቤዛ ስትቀመጥ እንዲመቻት ጠጋ አልኩላት።