አሥረኛው አረንጓዴ ማሊያ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ሐይቅ

ከሐይቅ የተነሣነው ጉሙ ገና ከውኃው ላይ ሳይነሣ ነው። ባጃጁን የሚነዳው ሙሄ የቡድናችን አጥቂ ነው። እኔ ሰልባጅ ነጋዴው ደግሞ የቡድኑ መሥራችና ፕሬዚዳንት ነኝ፤ የሾመኝ ሰው የለም፣ የተቃወመኝም የለም። እግሬ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ስምንት አረንጓዴ ማሊያ አለ። በ9 ሰዓት ውጫሌ ላይ እንጫወታለን። ባለፉት ሁለት ጨዋታዎች ዝንጉርጉር ለብሰን ስለገባን ዛሬ አሥር አንድ ዓይነት ማሊያ ካላሟላን ከውድድር እንሰረዛለን፤ በረኛው ብቻ የፈለገውን ይልበስ ተብሏል። ሁለት ይጎድለናል።

1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ዳር

ፓስቲ በሻይ። ፓስቲው ከዓመት ዓመት ዋጋው ይጨምራል፣ መጠኑ ይቀንሳል፤ ነጋዴ ነኝና አልፈርድም።

የቡድኑን ታሪክ ልንገራችሁ። ለውጡ በመጣበት ዓመት፣ አገሩ በሙሉ ሲተቃቀፍ፣ እኔ ቦንዳ ፈታሁ። ሸሚዝ ነው ተብዬ የገዛሁት አረንጓዴ ማሊያ ሆኖ ወጣ። ገዢ ጠፋ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ደረቱ ላይ ያለውን አንብቦ፣ ስልኩንም ጎርጉሮ፣ «የአየርላንድ ገጠር ቡድን ነው። ገበሬና ሥጋ ሻጭ ነው የሚጫወትበት። ሜዳቸው ላይ ላም ትግጣለች። ብዙ ጊዜ ይሸነፋሉ፣ ግን አይበተኑም» አለኝ።

«ይህማ እኛ ነን!» አልኩ። ዕቃ ካልተሸጠ ቡድን ይመሠረትበታል። ስማችንም አየርላንድ ሆነ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አሥር ጎረምሳ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ተገኝቶ «ኳስ ተጫዋቾች ነን» ቢል ማን ያምነዋል? ማሊያውን አምባሰል ላሉ ዘመዶች በተንነው፤ እኛም ተበተንን። ስንመለስ ሜዳው ቦታው ላይ ነበር። ማሊያ የለም። ስምንቱን ከየዘመዱ ለቃቅመናል፤ የቀሩት ሁለቱ ያሉት በዛሬው መንገዳችን ላይ ነው።

3 ሰዓት፣ የመርጌታ ደጅ

የመጀመሪያው አምበላችን አሁን መርጌታ ሆነዋል። አራት ቁጥርን ከጋቢያቸው ሥር ለብሰውት አገኘናቸው።

«መርጌታ፣ ለቡድኑ ሲሉ ያውልቁልን።»

«ብርዱንስ ለማን ልስጠው?» አሉና እዚያው መንገድ ላይ አወለቁት። «ከመግባታችሁ በፊት እጠቡት፤ ክረምቱን ሙሉ ከላዬ አልወረደም።»

ሙሄ ከባጃጁ ኋላ አንጠልጥሎት በነፋስ አጠበው።

5 ሰዓት፣ የጋሽ እንድሪስ ማሽላ

ዘጠኝ ቁጥር ማሽላው መሐል ቆሟል። እንጨት ተሰክቶበት፣ እጁን ዘርግቶ፣ ወፍ ያባርራል።

«ወላሂ አልሰጥም!» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ሽማግሌው ባለ ማሳ። «ሌላ ሸሚዝ ባለብሰው ወፏ ትከሻው ላይ ተቀመጠች። ይህን ግን ትፈራዋለች።»

«አዲስ ጃኬት ላምጣልዎት።»

«አንተ ነጋዴ፣ ወፏን እኔ ነኝ የማውቃት።»

ሙሄ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ዛሬ ካልተሟላን ቡድኑ አለቀለት። ከጦርነት የተረፈ ቡድን በሸሚዝ ይሙት?»

ይህ ነካቸው። «አብሽሩ፣ መጀመሪያ ብሉ» አሉ። ቂጣ በአዋዜ በላን። ከዚያ ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። የወሎ ሰው፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ ምን እንደሚባል አያጣራም።

«ያረቢ፣ ልጆቹን አሸንፍልኝ!»

«አሚን!»

«ገበያቸውን አድራልኝ!»

«አሚን!»

«ማሊያው እስኪመለስ ይህን ነጋዴ ማማዬ ላይ ወፍ ሲጠብቅ አበርታልኝ!»

«አሚን!» አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

አሚን ካሉ በኋላ መመለሻ የለም።

9 ሰዓት፣ ማማው ላይ

አየርላንድ በአሥር ማሊያ እየገባች ነው። ፕሬዚዳንቷ ወንጭፍ ይዟል። የመጀመሪያው ድንጋይ የጋሽ እንድሪስን ጣሪያ መታ። ከዚያ ወዲያ ወንጭፉን ትቼ በገበያ ድምፄ ተያያዝኩት፦ «ኑ! ሰልባጅ! በርካሽ!» ወፉ ግር ብሎ ተነሣ። ገዢዎቼም እንዲሁ ናቸው።

11 ሰዓት ተኩል

ሙሄ መጣ፤ ቀሪዎቹም በሚኒባስ ተከትለውታል።

«ስንት ለስንት?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«አምስት ለባዶ።»

«ለማን?»

«ጋሼ፣ ዋናው ነገር አልተሰረዝንም። ለመጪው ቅዳሜም ተመድበናል።»

ዘጠኝ ቁጥርን አውልቆ ለጋሽ እንድሪስ አቀረበ። አልተቀበሉትም። ማሳቸውን ዞረው አይተው ነበር።

«ማሊያውን ለሁልጊዜ ውሰዱት። ማሽላው እስኪታጨድ አንድ ሳምንት ነው የቀረው፤ ይህን ሰውዬ ተዉልኝ። አንዲት ወፍ አላረፈችም!»

«ኧረ ጋሽ እንድሪስ! ሱቄስ?»

«ሱቅህን ወፍ አይበላው።»

ተጫዋቾቹ ዞር ብለው ተማከሩ። ማሊያው ከሌለ ቅዳሜ ቡድን የለም። ፕሬዚዳንት ባይኖርስ? በዚህ ላይ የተከራከረ አልነበረም። እኔ እንድቀር ለወጉ ያህል እጅ ተቆጠረ፦ አሥር ለአንድ። የተቃወመው አንዱ በረኛው ነው፤ እሱ እንደሆነ ማሊያ አያስፈልገውም።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ማማው ላይ ሆኜ ነው፤ ወፍ ሲመጣ አቋርጬ «በርካሽ!» እያልኩ።