በእህቴ ስም የመለስኩት እምቢታ

የማታነቡት ወረቀት ፊታችሁ ተዘርግቶ «ፈርሙ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ከወረቀቱ ይልቅ የሰጣችሁን ሰው ፊት አጥንታችሁ ታውቃላችሁ? ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለዚህ ልመሰክር ወድጃለሁ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ልጆቻችሁን እዚህ ጅዳ ስለማስተምር ታውቁኛላችሁ። ታላቅ እህቴ አስካለ ደግሞ እዚሁ ኦብሑር ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ቀድሞ ባሕራ ከተማ ስትሠራ ከፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪዋ፣ «የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ማደሻ ነው» ብሎ ያስፈረማት ወረቀት ኹሩጅ፣ ማለትም ከአገር መውጫ ሆኖ ተገኘ፤ በስንት ልመና ተሰረዘላት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምንም ነበር። ስጸልይ እንኳ አንድ ዓይኔን አልጨፍንም።

አስካለን የሊምፍ ካንሰር ያዛት። በኬሞ ጠፍቶ ተመለሰ። ሐኪሟ ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና እንዳለ ነገረችን፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ የታመመ ሕዋስ እየፈለጉ የሚያጠፉ ሕዋሳት አሉ፤ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ይባላሉ። ካንሰሩ ግን ይደበቃቸዋል። ስለዚህ ከጤነኛ ሰው ይወሰዱና፣ ካንሰሩን ለይተው እንዲይዙት በላቦራቶሪ ተሻሽለው፣ በደም ሥር ይሰጣሉ።

እኔ የሰማሁት «ገዳይ» እና «ሙከራ» የሚሉትን ብቻ ነው። ማዳሟ ደግሞ «መካ ሄጄ ዱዓ አደርግልሻለሁ» ብላ፣ ሹፌር መድባ ልካናለች። ይህ ሁሉ ደግነት ከየት መጣ? አስካለ «የማን ሕዋስ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ። እኔ ወደ ሐኪሟ ዞሬ «ማ ተብጋ» አልኩ። አትፈልግም ማለት ነው።

መኪና ውስጥ እንደገባን አስካለ «አንቺ» አለችኝ፣ «የማዳም ልጅ ምሳዋን ስትገፋ በየቀኑ የምሰማውን ቃል የማላውቀው መሰለሽ? ማነው የማይፈልገው?»

«ሊያታልሉሽ ቢሆንስ?»

«ባሕራ የታለልኩት ሳልጠይቅ ፈርሜ ነው። ዛሬ ጠየቅሁ፤ አንቺ ዋጥሽው። ተማሪዎችሽን ግን ‹ያልገባችሁን ጠይቁ› ትያቸዋለሽ፣ የኔ መምህርት።»

ቤቴ ገብቼ ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ አንተንም እጠራጠርሃለሁ» አልኩት። እውነቱን ስነግረው የመጀመሪያዬ ነበር። አላባረረኝም፤ ስሙ ይባረክ።

በነጋታው ሐኪሟን «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ወንበር ሳበችልኝና «ያላ፣ ጥያቄዎችሽን አምጪ» አለች። ደብተሬን ገለጥሁ። ሕዋሱ የማን ነው? አንዲት እናት ስትወልድ ከለገሰችው የእትብት ደም የተወሰደ። ጉዳት አለው? ትኩሳትና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል፤ ጭራሽ ላይሠራም ይችላል። መሃል ላይ መተው ትችላለች? በፈለገች ሰዓት። እውነቴን ነው፣ ሐኪሟን ያመንኳት «ላይሠራም ይችላል» ያለች ጊዜ ነው።

አስካለ ሁሉንም ሰማችና «ያቺን እናት አላውቃትም፤ እሷም ሳታውቀኝ ሰጥታኛለች» ብላ ራሷ ፈረመች።

ሕክምናውን ወስዳ፣ በመጨረሻው ምርመራ ዕጢው አልታየም። ሐኪሟ «ተፈወሰች አልልም፣ እንከታተላታለን» ብላለች፤ እኔም ከዚያ አልጨምርም። አስካለ ያችውና ከኋላ ተቀምጣለች። ያጋነንኩት ካለ ትናገር። ጌታ ግን እስከ ነገ የሚያደርሳትን አልከለከላትም፤ ሃሌ ሉያ።

ወገኖቼ፣ በየሻንጣችሁ አጥፋችሁ የደበቃችሁት ወረቀት አለ። ዛሬ አውጡት። በቅድሚያ ጥርጣሬያችሁን እንዳለ ለጌታ ንገሩት፤ ይሸከመዋል። ከዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ እኔ እተረጉምላችኋለሁ። ያላችሁትን ብቻ።