ያልተያዘችው ኮረብታ

ሽሽሽ... ይል ነበር ያ የጦር ሜዳ ሬዲዮ፤ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ። ከበበው ዛሬም ይሰማዋል። በ1983 ግንቦት፣ ዋና ከተማዪቱ ተይዛ የመንግሥት ወታደር መሣሪያውን እንዲያስረክብ ሲታወጅ፣ እሱ በአንዲት ሩቅ ኮረብታ ላይ የመገናኛ ሠራተኛ ነበር። አዋጁን ቢናገር ማን ይመነው! አማጽያኑ የማረኩትን ሬዲዮ ይዘው፣ የአዛዦችን ድምፅ እያስመሰሉ ስንቴ አታልለዋቸዋል። «ይሄም የነሱ ተንኮል ነው» ተባለ። አገሩ ሁሉ ጦርነቱ አበቃ ሲል እዚያች ኮረብታ ላይ ተኩሱ ቀጠለ። የምሽግ ጓደኛው ኮርሳ የሞተውም ያኔ ነው፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ።

ከበበው ኮርሳን በቀበረ ማግስት ዜና የሚያዳምጥባትን ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ዜናው ላይ ከፈተ። ድምጿን እስከ መጨረሻው ለቅቆ፣ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟት፣ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ቁልቁል ወረደ። መጀመሪያ ጥይት በጆሮው ሥር እያፏጨ አለፈ፤ ኋላ ጸጥ አለ። ወዲያም ወዲህም ያለው ሰው ዜና ያዳምጥ ነበር። ጓዶቹም ተከትለውት ወረዱ።

ዛሬ ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። ያኔ ከአማጽያኑ ጋር ከታች ሆኖ ይተኩስበት የነበረው ጌቱም እዚያው ሕንፃ ላይ ጎረቤቱ ነው። ጌቱ ያነክሳል፤ እግሩን ያገኘችው ጥይት ከአዋጁ በኋላ ከኮረብታዋ የመጣች ናት። ሁለቱ በእድር ድንኳን በተገናኙ ቁጥር ያው ነው።

«ኮረብታዋን በጉልበት ያዝናት፤ እናንተ ፈረጠጣችሁ!»

«ማን? እኔ ነኝ መርቼ ያወረድኳቸው!»

«ደሞ ጀመሩ!» ይላል ሰፈርተኛው።

ታዲያ አንድ እሑድ ጌቱ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ቄስ አስከትሎ፣ በከበበው ሳሎን ውስጥ ቆመ። እንደ ወጉ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም።

«አቶ ከበበው፣ ልጅዎን ናዝሬትን ለወንድሜ ልጅ ለአዶኒያስ ይሰጡን ዘንድ ነው የመጣነው» አለ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብሎት።

ከበበው ሳቁን ዋጠ። «መልካም፣ አቶ ጌቱ። ኮረብታዋን ማን ያዛት?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር!» አሉ ቄሱ።

ሚስቱ ዘነቡ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ቆሞ ቀር ልታደርጋት ነው?»

ከበበው አዶኒያስን ይወደዋል፤ ናዝሬትም ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሿን ይዛ እንደምታዳምጥ ያውቃል። ግን ፈረጠጡ በተባለ ቁጥር እዚያው አፈር ለብሶ የቀረው ኮርሳም አብሮ ይሰደባል።

«ወርቅ አልጠየቅኩ፣ ካባ አልጠየቅኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ጥሎሼ እውነቱ ነው።»

ጌቱ ክብደቱን በደህናው እግሩ ላይ ጣለ።

«አልያዝናትም» አለ በመጨረሻ። «ስንወጣ ባዶ ነበረች። አንድም ሰው አልሸሸም፤ ሰልፍ ይዛችሁ ነው የወረዳችሁት። እኔም ያቺን ሬዲዮ ስሰማ ጠመንጃዬን መሬት አደረግኩ። ያኔ ባትወርድ ኖሮ ይህችኛዋም እግር አትተርፈኝም ነበር።»

ከበበው ተነሣ፤ ወገቡ እንደ ወታደርነቱ ዘመን ቀጥ አለ።

«ሰጥቻለሁ!» አለ፤ ድምፁ እስከ ደረጃው ተሰማ።

ዘነቡ እልልታዋን ለቀቀችው። ከላይኛው ፎቅ ሌላ እልልታ ተቀበላት።

«በል አሁን ተቀመጥ፣ አንተ ነገረኛ!» አለው ከበበው።

ጌቱ መች ሰምቶት! ዓይኑ እንባ እንደሞላ፣ ታች መኪና ውስጥ የሚጠብቀውን አዶኒያስን ሊያበስር፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል እያነከሰ ወጣ።