ሁለቴ የተጨበጠች እጅ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከምሠራበት የፍርድ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስወጣ፣ ዳኛ ኦርቪል ፕሩዊት ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው የአንዲት ጀማሪ ጠበቃ የተበተነ ወረቀት ሲለቅሙ አየኋቸው።

"አይዞሽ ልጄ፣ እኔ በመጀመሪያ ቀኔ ክራባቴን ረስቼ ነበር" አሏት።

የትምባሆ ገበሬ ልጅ ናቸው። የገጠር ጠበቃ፣ ኋላም ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሠሩ፤ እግዚአብሔር ረድቷቸው በዚህ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ፈርደዋል። ሹመታቸው የዕድሜ ልክ ስለሆነ ይብቃዎት የሚላቸው የለም።

በእኛ ፍርድ ቤት ክርክር ሲያልቅ ዳኞቹ ከመንበራቸው ወርደው ጠበቆቹን ይጨብጣሉ። የዚያን ዕለት ፕሩዊት ወረቀቷ የተበተነባትን ያችኑ ጠበቃ ጨበጧት፤ ዞረው መጡና እንደገና ጨብጠው "ስምሽ ማነው?" አሏት። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ፊታቸው ሲገረጣ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ መጡ።

"ሚስተር ዴላኒ፣ ሁለቴ ጨበጥኳት አይደል?"

"አዎ፣ ክቡር ዳኛ።"

"ነገ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ጉዳይ አለብኝ። መዝገቡን ሦስቴ አነበብኩት፤ ጭንቅላቴ አልያዝ አለኝ። ፈራሁ።" በሩን ዘጉት። "ረዳቶቼ ስለሚወዱኝ ይሸፍኑልኛል። እርስዎ አይዋሹኝም። አሁን ስለ መዝገቡ ይጠይቁኝ፤ ካልመለስኩ የፍርድ ቤታችን ዋና ዳኛ ዘንድ አብረውኝ ይሂዱ፤ መንበሬን እለቃለሁ።"