የአባ ሃይሉክስ ሽምግልና

ዲበኩሉን አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ለሚያውቀው ሰው ከእሱ የበለጠ ሰላማዊ ፍጡር የለም። ጎረቤት ሲጣላ ያስታርቃል፣ የእድር ድንኳን ሲተከል ካስማ ይይዛል፣ የሰው ስም በክፉ ሲነሳ ጉሮሮውን ጠርጎ ወሬ ያስቀይራል። ሃያ ስድስት ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ሲሠራ አንድ ቀን ከአለቃ ጋር ክፉ ቃል አልተመላለሰም። ይህ ሁሉ ታዲያ ስልኩን እስኪከፍት ድረስ ነው።

ስልኩ ውስጥ ዲበኩሉ የሚባል ሰው የለም። ያለው «አባ ሃይሉክስ» ነው። «የስምጥ ሸለቆ ፒክአፕ ወዳጆች» በሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለ አራት ሺህ ያህል ሰው ተሰባስቦ ቀኑን ሙሉ ስለ ናፍጣ መኪና ይጨቃጨቃል። ወዳጆች መባላቸው ለስሙ ነው። ግማሹ ሃይሉክስ፣ ግማሹ ዲማክስ ነው፤ በመሐል ሌላ ፒክአፕ ይዞ የገባ ምስኪን ካለ ሁለቱም ወገኖች ለጊዜው ታርቀው እሱን ይሰድቡታል። የሃይሉክሶቹ መሪ አባ ሃይሉክስ ነው። ማንም አልመረጠውም፤ በስድብ ብዛት ነው የተሾመው።

ለፍቅሩ ምክንያት አለው። ጡረታ ሊወጣ ሲል መሥሪያ ቤቱ እሱ ራሱ ሲነዳት የኖረውን ነጭ ሃይሉክስ ለጨረታ አወጣት። ሌላ ሰው እንዳይወስድበት ስለት ተሳለ፣ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል፣ በመጨረሻ ለእሱ ደረሰችው። አሁን ከመቂ ቲማቲም፣ ከወለንጪቲ ሽንኩርት እየጫነ ቤቱን ያስተዳድርባታል። ከኋላዋ በቀይ ቀለም «ሃይሉክስ አይሞትም» ብሎ አስጽፎባታል፤ ግሩፑ ላይ ያለው ፎቶውም ይኸው ጽሑፍ ነው። ሚስቱ ዘውድነሽ፣ እኔ ሲያመኝ ባጃጅ ይጠራልኛል፣ እሷን አቧራ ሲነካት ግን ሥራውን ትቶ ያጥባታል ትላለች።

ቀንደኛ ጠላቱ «የነገሌው ዲማክስ» የሚባል ሰው ነው። መልኩን ማንም አያውቅም፤ በፎቶው ቦታ ያስቀመጠው ግንባሯ ላይ የበሬ ቀንድ የታሰረባት ብርማ ዲማክስ ነው። ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ሲሰዳደቡ ኖረዋል። ዲበኩሉ ውሃ ሲጠጣ ትን ካለው እንኳ ያ ሰውዬ ስሜን አነሳው ብሎ ስልኩን ያያል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው፣ አንስቶታል።

ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ዲበኩሉ የእህቱን ልጅ ሚኪያስን እናቱ ከሞተች ጀምሮ፣ ከአራት ዓመቱ አንስቶ አሳድጎታል። ሚኪያስ ኮሌጅ አብራው የተማረችውን ፍሬሕይወትን ሊያገባ ፈለገ። አባቷ አርሲ ነገሌ የታወቀ የስንዴ ነጋዴ ነው፤ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የላካቸውን ሽማግሌዎች በር ላይ እንደቆሙ መልሷቸዋል አሉ። ሚኪያስ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መጥቶ ከአጎቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለው፣ «ሰውዬው ሀብት አያይም፣ ዲግሪ አያይም፣ የሚያየው የሽማግሌን ቃል ነው። የእኔ ነገር በአንተ አፍ ላይ ነው ያለው።»

ዲበኩሉ እንባው መጣ። በአፉ ምን ምን ሲያወጣ እንደኖረ ግን በዚያች ሰዓት ትዝ አላለውም።

አንድ እሑድ በማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች በሃይሉክሷ ጉዞ ጀመሩ፦ የቤተሰቡ ንስሐ አባት ቄስ ወልደአማኑኤል፣ ጡረተኛው መምህር ዱጋሳና ዲበኩሉ። ቡልቡላ ሲደርሱ ለቁርስ ወረዱ። ዱጋሳ ፉል ሲያዝ ዲበኩሉ ስልኩን ከፈተ። የነገሌው ዲማክስ ጽፏል፦ «ዛሬ የክብር እንግዶች አሉብኝ። ሃይሉክሶች እስከ ከሰዓት እፎይ በሉ።»

ነገሌ ስንት ሺህ ቤት አለ፤ መጠርጠር ነበረበት ብላችሁ አትፍረዱበት። ጣቱን አሳከከው። «ዲማክስ ከቆመበት ግቢ ክብር ያለው ሰው አይገባም» ብሎ መለሰ። ፉሉ ሳይቀርብ ሰባ ሰው አጨበጨበለት። ደስ ብሎት ሁለት ዳቦ በላና መሪውን ጨበጠ።

ነገሌ ደርሰው መኪናዋን በሩ ፊት አቆሙና ገቡ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ባንድ በኩል የስንዴ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ በሌላው በኩል ግንባሯ ላይ የበሬ ቀንድ የታሰረባት ብርማ ዲማክስ ቆማለች።

የዲበኩሉ እግር እዚያው ተተከለ። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቄሱ ከኋላው ናቸው፤ ዱጋሳም ቀድሞ «አካም ቡልተን» እያለ ሰላምታ ጀምሯል። የልጅቷ አባት ጉተማ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ፤ ሦስቱንም በትከሻ ሳማቸው። ሲያበቃ ዓይኑ በተከፈተው በር አልፎ ከሃይሉክሷ ኋላ ላይ አረፈና ቀዩን ጽሑፍ አነበበ። ስልኩን አውጥቶ ጠዋት የተጻፈለትን መልስ አነበበ። ቀጥሎ ዲበኩሉን አየው።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም። ቆመው ቄስ ወልደአማኑኤል መርቀው የመጡበትን ተናገሩ። ስለ ልጁ ጠባይ መመስከር የዲበኩሉ ድርሻ ነበርና እሱም ሚኪያስ ሰው አክባሪ መሆኑን፣ መጠጥ አለመቅመሱን፣ ከሚሠራበት ክሊኒክ ቀርቶ አለማወቁን ዘረዘረ። ጉተማ አላቋረጠውም። ስልኩ ላይ አንተ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን አንቱ መባባላቸው አይቀርም።

«የእኔን መኪና ነድተዋት ያውቃሉ?» አለው።

ዲበኩሉ አላውቅም አለ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስለማያውቋት መኪና አራት ሺህ ሰው ፊት መሰከሩ። ዛሬ ደግሞ እኔ ስለማላውቀው ልጅ ሊመሰክሩልኝ መጡ። እንዴት ብዬ ልመንዎት?»

ቄሱ ምን መኪና እንደሆነ ስላልገባቸው ዱጋሳን አዩት። ዱጋሳ ገብቶታልና መሬት መሬቱን አየ። ዲበኩሉ የሚኪያስን ፊት አሰበ፤ ልጁን በገዛ አፉ እንደቀበረው ተሰማው። ጉተማ ግን የዲማክሷን ቁልፍ ዘረጋለት። እስከ ላንጋኖ መገንጠያ ደርሰን እንመለስ፣ ከዚያ የሚሉትን እሰማለሁ አለው።

ዲበኩሉ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው መሪዋን ያዘ። ጉተማ አጠገቡ ተቀመጠ። ከከተማው እስኪወጡ ዲበኩሉ ጆሮውን አቁሞ እንከን ፈለገ። የሞተሩን ድምፅ አዳመጠ፣ ፍሬኑን ያለ ምክንያት ረገጠ፣ ማርሹን ሆን ብሎ አዘገየ። አላገኘም። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ነዳጅ ሲሰጣት ተስፈንጥራ ሄደች፤ እሱም ሳያውቀው ፈገግ ማለቱን በመስታወቱ አየ። ቶሎ ከንፈሩን ነከሰ፤ ጉተማ ግን አይቷል።

ሲመለሱ ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆመዋል። ቄስ ወልደአማኑኤል ማሕሌት ቆሞ ማደር የለመዱ ናቸውና መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ምንም አልሆኑም። ዱጋሳ ግን ጆንያው ላይ ተለጥፏል፤ ቢጠይቁት ተደገፍኩ እንጂ አልተቀመጥኩም ይላል።

ዲበኩሉ ቁልፉን በሁለት እጁ መለሰ። ሦስት ዓመት የገነባው ስም አፉ ላይ ነበር። እንደምንም ዋጠው።

«ጥሩ መኪና ናት» አለ። «ሳላውቃት ነው የሰደብኳት፤ አፉ ይበሉኝ። ልጁን ግን አውቀዋለሁ። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እጄ ላይ ነው ያደገው። ስለ እሱ ካልኩት አንዲቷም አትታጠፍም።»

ጉተማ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ጥሩ መኪና ናት» ያሏትን ቃል መኪናዋን የሰደቡበት ቦታ ይጻፏት አለው። ዲበኩሉ እዚያው ቆሞ «ዲማክስ ነዳሁ። ጥሩ መኪና ናት» ብሎ ጻፈ። ጉተማ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበና ማንኛውም የሴት ልጅ አባት፣ ቢደሰትም ቢከፋም፣ የሚለውን አለ፦ «ጉዳያችሁን ሰምቻለሁ። ዘመድ ላማክር፤ ለዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።» ያን ጊዜ ተቀመጡ፣ በሉም። ዱጋሳ ከሁሉም አብልጦ በላ።

ግሩፑ ግን እሳት ነደደበት። የአባ ሃይሉክስ ስልክ ተሰርቋል አሉ። አንዱ ለፖሊስ እናመልክት አለ፤ ሃይሉክሷን የሚጠግንለት የወለንጪቲ ጋራዥ ባለቤት ማናሴ ለአዲስ ስልክ መዋጮ ጀመረ። ዲበኩሉ ጽሑፉን ለማጥፋት አውራ ጣቱ ስንት ጊዜ እንደሄደች እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፈተናው ሲጠናበት ስልኩን ለዘውድነሽ ሰጣት፤ እሷም ሳታንገራግር የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው።

በሁለተኛው ሳምንት ሲመለሱ ጉተማ ከወንድሞቹ ጋር ጠበቃቸው። ከሁሉ በፊት ስልኩን ከፍቶ ጽሑፉ ቦታው ላይ መሆኑን አየ። ከዚያ ልጄን ሰጥቻለሁ አለ። ዲበኩሉ አለቀሰ፤ ሚኪያስ በስልክ ሲሰማ እሱም አለቀሰ፤ ጉተማም አቧራ ገባብኝ አለ።

በቀጣዩ እሑድ ማለዳ ፍራንኮ፣ የዲበኩሉ በር ተንኳኳ። ሲከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ማናሴ በሥራ ቱታው ላይ ነጭ ጋቢ ደርቧል። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ስልክህ አለመሰረቁን ሰምተናል፣ ሃይሉክሶች ሁሉ ልከውናል፣ ያቺን ጽሑፍ አጥፋልን፣ ወደ ወገንህ ተመለስ ብለው አጎንብሰው ለመኑት።

ዲበኩሉ ቆሞ መዋል ጉልበትን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ስለዚህ ጥቂት አቆያቸው።

«ጉዳያችሁን ሰምቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዘመድ ላማክር፤ ለዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ማናሴ የትኛውን ዘመድ እንደሚያማክር ጠየቀው።

«ነገሌ ያለውን» አለ ዲበኩሉ።